የረር ታየ፣ አልታየም

መሣሪያዋ ትንሽ ናት፣ የምሳ ዕቃ ታክላለች፤
ቱሉ ዲምቱ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣
ከጋሽ ደበሌ የጥበቃ ቤት ክፈፍ ሥር
በሽቦ ታስራ ቀን ከሌት ትተነፍሳለች።
ሲኖትራክ ዳገቱን ሲያቃስት፣ ጥቁሩን ሲተፋው፣
ከማዶ የሲሚንቶው ብናኝ ሲነሳ፣ ሲሰፋ፣
ሌሊት በስውር የሚነደው ቆዳ ሲከረፋ፣
ትውጠዋለች፣ ትቆጥረዋለች፣
በየአምስት ደቂቃው አንድ ቁጥር ትልካለች።

እኔ ኮዬ ፈጬ ነኝ፣ አራተኛ ፎቅ፣
ውኃ በሳምንት አንዴ እንደ ዘመድ የሚጠይቀን፤
ቁጥሩን ተቀብዬ ቀለም አለብሰዋለሁ።
አረንጓዴ፦ ደህና። ቢጫ፦ እንጃ። ቀይ፦ መስኮት ዝጉ።
ሐምራዊም አለ፤ እሱን ስሠራ እጄ ፈራ፤
ይህን ያየ ሰው ወዴት ይሄዳል? ደግሞስ በየት በኩል?
ካርታው ለሁሉም ክፍት ነው፤ የይለፍ ቃል የለው፣ ክፍያ የለው፤
የአቃቂ፣ የገላን፣ የለገጣፎ፣ የሰበታ ትንፋሽ
አንድ ገጽ ላይ ተዘርግቷል፣ እንደ ተሰጣ በርበሬ።

ኅዳር ዐሥራ ሁለት ሰፈሩ ሲታጠን፣
(የድሮ በሽታ የተባረረበት ጭስ ነው፤ ማን ደፍሮ ይከለክላል?)
በየደጁ ጎማ፣ ፌስታል፣ አሮጌ ፍራሽ ሲነድ፣
ረፋድ አራት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ።
ባትሪዋ እስከ ቀትር ታገለች። ከዚያ ዝም።
ካርታዬ ላይ ቱሉ ዲምቱ ግራጫ ሆነች፤
ከዓመቱ የከፋው ቀን
ባዶ ሳጥን።

ሱራፌል ደወለ፦ «ከጎረቤት ጣቢያዎች አማካይ ወስደሽ ሙዪው፤
ክፍት ቦታ አያምርም፤ ሰው ሌላውንም አያምንም።»
ሦስት መስመር ኮድ ነው፤ ጻፍኩት።
ከእንጦጦ ጥግና ከለገጣፎ አዋጥቶ
ቢጫ አወጣልኝ።
ቢጫ!

በማግስቱ ባትሪ ይዤ ሄድኩ። ጋሽ ደበሌ መሰላሉን ያዙልኝ።
«ትናንት ሞታ ነበር» አሉኝ፣
ስለ ሰው እንደሚያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።
ከካፖርታቸው ኪስ የተጣጠፈ ደብተር አወጡ፤
የገቢና የወጪ መዝገብ መስሎኝ ነበር።

ጥቅምት ፳፱። የረር ታየ፣ ጫፉ ብቻ።
ኅዳር ፫። አልታየም። ሲፈን ከሦስተኛ ሀ ስታስል እናቷ መጥታ ወሰደቻት።
ኅዳር ፬። ታየ። ሲፈን አልመጣችም።
ኅዳር ፲፪። የረር አልታየም። አስፋልቱ ማዶ ያለው ሱቅም አልታየም።
በሩ ላይ ሲያስሉ የቆጠርኳቸው ዐሥራ ዘጠኝ፤ ከእኔ ጋር ሃያ።

ከደብተሩ ጀርባ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ሁለት መስመር፦

አየር ድሮም አይታይ፣ የሚታየው የረር፤
የረር የጠፋ ዕለት፣ ያን ቀን ታየ አየር።

«ይህን ማን ጻፈው?» አልኩ።
«ሌሊት ረጅም ነው» አሉ፣ ሽቦውን እያጠበቁ፤
«እሷ ስትታመም ማን ይመዘግባል ብዬ ነው።
ስትሰቅያት፣ ለሕዝብ ናት አላልሽኝም?»

ማታ ሦስቱን መስመር ሰረዝኩ።
ግራጫው ግራጫ ሆኖ ቀረ፤
ከሥሩ አንድ ጠባብ ዓምድ ጨመርኩ፣ መለኪያ የሌለው፦
የረር፦ ታየ፣ አልታየም።
ሱራፌል ሳቀ። «ይህ በምን ይለካል?»
በዓይን፣ አልኩት፤ ሃያ ሁለት ዓመት
ከአንድ በር ሆኖ አንድ ተራራ ባየ ዓይን።

አሁን ጠዋት ጠዋት፣ ደወል ሳይደወል፣
ከቁልፍ ስልክ አጭር መልእክት ይገባል፦
ታየ።
ሌላ ቀን፦ አልታየም።
አንዳንዴ ደግሞ፦ ትንሽ ቆዪ።
ለ«ትንሽ ቆዪ»
እስካሁን ቀለም አላገኘሁለትም።