ሁለት ቅንፍ

በኢሳፍዮርዱር ወደብ፣ ዓሣ ከሚመዘገብበት ቤት፣
ስቴይኑን ጠየቀች፦ «ስንት ጀልባ ይገባል በአንድ ሌት?»
«እሱን ባሕሩ ያውቃል» አሏት።
እሷም ፈንክሽኗን ጻፈች፣ ልክ ሳታበጅለት፦
አንድም ዝርዝር ይምጣ አሥር፣
አፉን ከፍቶ ተቀብሎ እንዲያጋጥም፣ እንዲደምር።

ትናንት ስድስት ዝርዝር ገባ። አንደኛው ባዶ ነበረ፦
ሁለት ቅንፍ፣ መሃሉ ላይ አንድ ዓሣ እንኳ ያልሰፈረ።
ይሁን፤ መረብ ይስታል። ሰዎቹ ግን ደርሰዋል፣
ጓንታቸውን አስጥተው ሾርባቸውን ይዘዋል።

ሰባተኛው አልመጣም።
ድምሩ ግን አልተዛባም።
ባዶ እጁን የገባና ጭራሽ የቀረ ሰው
ለማሽኑ አንድ ነው።

መብራት ፍለጋ መስኮቱን በእጅጌዋ ጠረገች፤
ተመልሳ ተቀምጣ አንዲት መስመር ጨመረች፦
መጀመሪያ የመጡትን ቁጠር፤ ሁሉም እስኪደርስ፣
ያልተመለሰ ካለ፣ አንተም አትመልስ።