ዙረህ ቆፍር

አራዳ ቁልቁለት፣ ከአንጥረኛው ቤት፣
አባቴ እንድሪስ ወናፍ ሲያናፋበት፣
ሙሴ አርሻግ ቁጭ ብሎ፣ መነጽሩ አፍንጫው ላይ፣
አንድ አሮጌ መጽሐፍ ደጋግሞ የሚያይ፤
የአገሩ ዜና መዋዕል፣ ቆዳው የተላጠ፣
ዳር ዳሩን አይጥ በልቶት ቃል የተቆረጠ።

ፊደሉ፣ ይላል አባቴ፣ ከሩቅ የኛን ይመስላል፤
እንደ «ለ» እግር አለው፣ እንደ «ሀ» አፉን ይከፍታል፤
ቀርበህ ላንብበው ስትል ግን
ጀርባውን ሰጥቶህ ይሄዳል።

ሙሴ ያነባል አንድ መስመር፣ ሰሙን በጣቱ እያሸ፣
ይመልስለታል በሰኞ ገበያ አማርኛ፣
ወንድና ሴቱን እያበላሸ፦

«ይቺ መነኩሴ፣ ንጉሡ ሞተች አይልም፤
ዛፏ ወደቀ ይላል፤ ሥሩ ግን አልደረቀችም።
ከጠላት ያበረ መስፍን፣ እሷ መራራ ሥር ነው፤
ከታች ሆና ወይኑን ሁሉ መራራ አደረገው።
ያንን ቤተሰብ ደግሞ ከነሥሯ ነቀሉት፤
ሽታዋ እንኳ እንዳይቀር ጉድጓዱን ጨው ሞሉት።»

«የምን ዛፍ ነው ሙሴ?» አለ አባቴ ወናፉን አቁሞ።
«ወይራ ነው? ዋንዛ? ሾላ?»
ሙሴ ገጽ ገለጠ፣ መለሰ፣ ገለጠ ደግሞ።
«አልጻፈችም።»
ወርቁ በረደ።

እኔ ገና አልተወለድኩም። ሲነግረኝ ግን አሰብኩት።
ቅጠልን ፍየልም ያየዋል፤
ሥር ያየ ሰው ግን
መሬት ሲቀደድ ቆሞ ነበር ማለት ነው።

እኛም በክረምት አይተናል፣ ጦሳ ሲናድ በሌሊት፣
ከሆጤ በላይ ያለው ዳገት አስፋልቱ ላይ ሲተኛበት።
ጠዋት አንድ ወይራ ቆሟል፣ ግማሽ እግሩ አየር ላይ፣
ሥሩ እንደ ሽማግሌ እጅ ተገልጦ የሚታይ።
(አማርኛም አይለይም፤ ለዛፉም ሥር ነው፣
ለደሙም ሥር ነው፣ ከበታች ላለውም።)
አባቴ ጃንጥላውን አጥፎ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣
ቆመ፣ ቆመና፣
«መነኩሴዋ ይህን አይቷል» አለ፣
በሙሴ አማርኛ።

ሙሴ አርሻግ ጥቅምት ላይ ሞተ። ልጅ የለ፣ ወንድም የለ፤
የሱቁ ቁልፍ አባቴ ኪስ፣ መጽሐፉ ሳጥን ውስጥ ዋለ።
ቄሶቹ ቦታ ሰጡት፣ ከጥዱ አጠገብ፣ ከአጥሩ ሥር፤
ይማም የሚሉት ጎረምሳ ዶማውን ሲሰነዝር
ጠጠረበት።
ድንጋይ አልነበረም።
ክንድ የሚያህል ሥር፣ ቀይ፣ እርጥብ፤
ሽታው ከጉድጓዱ ወጥቶ ለቀስተኛውን ዝም አሰኘው።
«መጥረቢያ አቀብሉኝ» አለ ይማም።
አባቴ በለበሰው ጥቁር ኮት ጉድጓዱ ውስጥ ወረደ።
«ተው» አለ።
«ዙረህ ቆፍር።»

ዛሬም ሌላው መቃብር ሁሉ ቀጥ ብሎ ምሥራቅ ሲያይ
የሱ ብቻ ጠመም ይላል፣
ከኋላው የጠሩት ሰው
ዞር እንደሚለው።

አባቴ ካለፈ በኋላ ሳጥኑን ከፈትኩ።
ፊደሉ ለኔም ጀርባውን ሰጠኝ።
ግን አንዱ ገጽ ላይ፣ አይጥ ከበላው ዳር፣
በአባቴ እጅ፣ በእርሳስ፦
«ጥድ ሳይሆን አይቀርም።»