ቃለ አጋኖ

ሌሊቱን ሠላሳ አንድ ከዜሮ በታች ወርዶ፣
የኢቫሎ ድልድይ በውርጭ ጉም ተጋርዶ፣
የሞተር ማሞቂያውን ገመድ ከግድግዳው ነቀልኩ፣
በሩን ሁለቴ ጎትቼ ከበረዶው አላቀቅኩ፣
ጣውላ የሆነ ወንበር ላይ ቀስ ብዬ ተቀመጥኩ።

ቁልፉን ሳዞር በራች
ያቺ ቢጫ መብራት፤
ታቿ ጥርሳም፣ አፏ ክፍት፣
እንደ ተሰነጠቀ ድስት፣
ሆዷ ውስጥ ብቻውን የቆመ ቃለ አጋኖ ያላት።

"አውቄሻለሁ" አልኳት፤ "ብርድ ነው፤ ሌላ ምን አለሽ?
ትናንትም እንዲሁ በርተሽ፣ ኋላ ራስሽ ጠፋሽ።"

ጎማ ቤቷ ሳይላ ናት ያስረዳችኝ ጉዳይዋን፣
በመጀመሪያው በረዶ ሰሞን፣ ስትገጥም ባለሚስማር ጎማዬን።
መዳፏ ላይ አሳየችኝ፦ አውራ ጣት የምታህል፣
ጥቁር ፕላስቲክ፣ ከቫልቩ ሥር ተለጥፋ የምትውል።
"ቸርኬው ውስጥ ትኖራለች፣ ከነፋሱ ጋር ተዘግታ፤
ሽቦ የላት፤ በራዲዮ ነው ወሬዋ፣ ውላ አምሽታ።
መኪናው ሲቆም ትተኛለች፣ ባትሪዋን ትቆጥባለች፤
ጎማው ሲዞር ትባንናለች፣ የለካችውን ትልካለች።
ነፋሱ አልወጣም፣ አትደንግጪ፤ እዚያው ነው ያለው ሁሉም፤
ብርድ ሲይዘው ይኮራመታል፣ እንደ በፊቱ አይገፋም።
አሥር ዲግሪ በወረደ ቁጥር አንድ አሥረኛ ባር ይቀንሳል፤
እኔ በሃያ ሙቀት ሞልቼው፣ አንቺ ደጅ ስታሳድሪው ይከሳል።"

ከዚያ ወዲህ ተላመድን፤ ትበራለች፣ አልፈራም።
ወደ ኔሊም አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር፤ ጥድና ጨለማ፣ ማንም የለም።
የቤት ለቤት ነርስ ነኝ።
ግፊት መለካት ነው ሥራዬ፤ የሰው እንጂ የጎማ አይደለም።

ታውኖ ይጠብቀኛል፤ ሰማንያ ስድስት ነው ዓመቱ፣
ከሐይቁ ዳር ብቻውን፣ ከመረቡና ከድመቱ።
ክንዱን ስጠቀልል ይስቃል፤ ቁጥሩን ሳነብ ይከራከራል፦
"ብርድ ነው፣ የኔ ልጅ፤ ሳውናው ሲሞቅ ይስተካከላል።"
እውነቱን ነው። ብዙ ጊዜ ይስተካከላል።

ሁልጊዜ አሥረኛው ኪሎ ሜትር፣ ከአጋዘኖቹ አጥር ማዶ፣
ጎማው ከመንገዱ ጋር ታሽቶ፣ ትንሽ ሙቀት ወልዶ፣
እሷም ትጠፋለች፤ ያላየሁ መስዬ አልፋለሁ።
ዛሬ አሥራ አምስት አለፈ።
ሃያ።
አልጠፋችም።
ድምፅ እንደሌላት እያወቅኩ ሬዲዮኑን ከፍ አደረግኩት።

ሃያ ሦስት ላይ ቆምኩ። ቁልፉን ተጭኜ አራቱን አየሁ፦
ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት፤
እንደ አንድ ቤት ልጆች እኩል የተሸማቀቁ።
የኋላ ቀኙ አንድ ነጥብ አራት።
ብርድ አያዳላም።
ይሄ ብርድ አይደለም።

ወረድኩ። የቫልቩ ክዳን በውርጭ ተጣብቋል፤
ጓንቴን አውልቄ በትንፋሼ አሞቅኩት፤ ጣቴ ነደደ።
የመንፊያው ቱቦ እንደ ዱላ ደርቋል።
ቅርንጫፍ እንኳ የማይንኮሻኮሽበት ዝምታ ነበር፤
ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ሰጠሁ፤
ሰማሁት፤ ቀጭን፣ ትዕግሥተኛ፣ እንደ ተኛ ሰው።
"ተነፈሰ" የምንለው ለካ ለሁለቱም ነው፣
ለሚኖረውም ለሚያልቀውም።

ሞላሁት፤ ለመድረስ ያህል።

ታውኖ "አረፈድሽ" አላለኝም። ክንዱን ዘረጋ።
መቶ ሰማንያ ስምንት።
"ብርድ ነው፣ የኔ ልጅ።"
አልተከራከርኩም። ምድጃው ዳር አስቀመጥኩት፣
ቦት ጫማውን አወለቅኩለት፤ ድመቷ ጭኑ ላይ ወጣች።
ሃያ ደቂቃ ሰጠሁት።
ግራውን ለካሁ። ቀኙን ለካሁ። እንደገና ግራውን።
አልወረደም።

ስልኬን ሳወጣ እሱ በመስኮቱ ግቢውን ያያል።
"ለሐኪሙ ከመደወልሽ በፊት" አለኝ ቆየት ብሎ፣
"የመኪናሽ የኋላ ጎማ ተኝቷል።"

"አውቃለሁ" አልኩት።
"እኔም" አለ፣ ክንዱን እያሸ።