የኤዱቪሂስ ደረጃ

በቫልፓራይሶ፣ የባሕር ነፋስ ሲነፍስ፣
ከወደቡ ተነሥቶ ሰፈራችን ድረስ፣
መቶ ስልሳ አንድ ነው ደረጃው፤ ቆጥራ
የነገረችን ያቺው ኤዱቪሂስ ቬራ።

በየማለዳው ነው፣ ጭጋጉ ሳይገፈፍ፣
ትወርዳለች ለዳቦ፣ ትወጣለች ሳታርፍ፤
ጉልበቷ እየጮኸ፣ ትንፋሿ እየሞቀ፣
ፊቷ እንደ በሰለ ኮክ እየደመቀ፣
ታልፈኛለች እኔን፣ ገመድ ባቡር ጠባቂ፣
በሰኔ ተኝቶ በነሐሴ ነቂ፣
መሐረብ ወዳጁ፣ ሎሚና ማር ናፋቂ።

«ምን ትውጫለሽ?» ስላት፣ ሣቀችና እንዲህ አለች፣
የክሊኒኩን ሐኪም ድምፁን አስመሰለች፦
«ደምሽ ውስጥ ዘቦች አሉ፣ ነጭ የለበሱ፣
መንገዱ ጭር ሲል የሚያንጎላጁ እነሱ፤
ስትራመጂ ልብሽ ከበሮ ይመታል፣
ያን ጊዜ ከጣፊያሽ ዘቡ ብድግ ይላል፣
ፋኖስ አንጠልጥሎ በየደጁ ይዞራል።
አንድ ቀን ጋልቦ ወር መተኛት ግን አይበጅም፤
ዘብ በየቀኑ እንጂ ባንድ ጩኸት አይለምድም።»

ሐምሌ ላይ ግን ጠፋች። ደረጃው ዝም አለ።
ሰፈሩ «ይኸው!» አለ፤ ልቤም ደስ እንዳለው
(ክፉ ነኝ) አልክድም። ጉንፋን አጣድፏታል፣
ልጇ ኦስቫልዲቶ ሾርባ ያቀብላታል።

በአራተኛው ማለዳ፣ ሳሏን እየሳለች፣
ሃያዋን እርከን ብቻ በዝግታ ወጣች።
«ግንብ አይደለም» አለችኝ፣ «ጨርሶ የማያስገባ፤
የነቃ ዘበኛ ነው፣ የሚያባርር ሌባ።»

ዛሬ ገመድ ባቡሩ ያለ እኔ ነጎደ፤
እግሬ በደረጃው፣ ሳንቲሜ በዳቦ ሄደ።
አርባ ሁለተኛው ላይ፣ ቁና ቁና እየተነፈስሁ፣ አረፍሁ፤
ደረቴ ውስጥ አንድ ሰው
ሲያዛጋ ሰማሁ።