ጉብታ

ቂርያት ጋት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መጠለያዋ ክፍል፣
ክረምቱ አለቀብኝ ጣውላ በሚሊ ስከፍል።
ሁለት ሣጥን ሠራሁ፣ ሆዳቸውን ሱፍ ሞልቼ፣
ማይክሮፎን ከወንበሬ በላይ፣ በጆሮዬ ቁመት ለክቼ፤
የመለኪያውን ድምፅ ለቀቅኩ፤
ከወለል ሥር ተነሣ፣ የበሬ ጉርምርምታ፣
ወጣ፣ ወጣ፣ ቀጠነ፣ እስከ ቢምቢ ሲርሲርታ።

በሩ ተደበደበ። እትዬ ስንዱ፣ ጫማ በእጃቸው፣
ካፖርት በሌሊት ልብስ ላይ፣ ቁርጥ ቁርጥ ትንፋሻቸው፦
«ሳይረኑ ነው?»
«እኔ ነኝ» አልኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ።

ተቀመጡ ወንበሬ ላይ። «ድገመው እስቲ፣ ልስማው።»
ደገምኩት። ሁለት መቶ ኸርዝ ላይ፣ ሦስት ወር ያላስተኛኝ ጉብታ
ዝቅ አለ፣ ሁለት ዴሲቤል፣ አሮጊት መሐል ገብታ።

ለፋይሉ ስም አወጣሁለት፦
«እትዬ ስንዱ፣ ከነካፖርታቸው»።