የቆመ ፊት

ከዚራ፣ ከዛፎቹ በላይ፣ ከአሮጌው ፎቅ ላይ
ኢፍራህ ደወለችልኝ፤ «አምሃ፣ ናና ይህን ጉድ እይ።
ዋጋው ሳይቆረጥ መስመሩ ይቆረጣል፤
የጂቡቲው ሰውዬ አፉ ይቀድምና ድምፁ ኋላ ይመጣል።»

እኔ የሽቦ ሰው ነኝ፤ መሰላል ይዤ እዞራለሁ፤
ድሬን ከፊቷ ይልቅ በጣሪያዋ አውቃታለሁ።

ሽንኩርት ነው ንግዷ። ሽንኩርት ቀጠሮ አያውቅም፤
ሰውዬውም እቃውን ካላየ ገንዘብ አይለቅም።
ሽንኩርቱ በሌሊት መኪና፣ ቃሏ በመስታወት ክር፣
በደወሌ በኩል ይወርዳሉ፣ ሁለቱም እስከ ባሕር።
እናም ካሜራው ፊት ጆንያ ትፈታለች፣
አንዱን ራስ ለሁለት ገምሳ ወደ ስክሪኑ ታስጠጋለች፤
ያኔ ነው የሚቆመው፤ ቀዩ ሽንኩርት አራት ማዕዘን ሆኖ፣
የሷም አገጭ እንደ ሸክላ ንጣፍ ተሰነጣጥቆ፣ ባክኖ።

ለካሁት። «ፍጥነቱማ» አልኳት «ከበቂም ያልፋል።»
«ታዲያ ለምን ቆሜ እቀራለሁ? ለምን ቃሌ ይጠፋል?»
«ስፋት ሌላ፣ እርጋታ ሌላ። ደቻቱን ተመልከቺው፤
አሸዋው ሜዳ ነው፣ ግመል ነው የሚያቋርጠው፣
ከላይ ሲዘንብ ግን...» ብዬ ምላሴን ነከስኩት።
ደቻቱ ለምሳሌ የሚነሳ ስም አይደለም፤ ዘግይቼ አስታወስኩት።
እሷም የመስኮቱን መጋረጃ ያለ ምክንያት አስተካከለች።
«እሺ፣ ቀጥል» አለች።

«ቁም ነገሩ» አልኩ ቃል መርጬ «በአንድ ልክ መራመዱ ነው፤
አንዱ ቃል ከሮጠ፣ አንዱ ከዘገየ፣ ጆሮ የቱን ይልቀመው?»

እስከ ስምንት ሰዓት ቆየሁ፤ ሕመሙ ሲነሳ ላየው።
ሙቀቱ ሱቁን ሁሉ አዘጋ፤ መንገዱ ባዶ ነው።
ፍራሽ ተነጠፈ፣ ቅጠል ተበጠሰ፣ ከተማው ጋደም አለ፣
በአንዲት ቀጭን ቧንቧ አፍ ላይ ሰፈሩ ተንጠለጠለ።
ትልቁን ሌባ ግን ጓዳ ውስጥ አገኘሁት፤
ሊበንን፣ ወንድሟን፣ ትራስ ተደግፎ ኳስ ሲያይ ያዝኩት።

ራውተሩን ከብረት ካዝናው ጀርባ አወጣሁት፤
የታፈነ ሰው ምን ያወራል? ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት።
ጠረጴዛዋ ድረስ ሽቦ በግድግዳው ጥግ ሳብኩ፣
«ኳሱ ይጠብቅ፣ ጥሪው ይቅደም» የሚል ደንብ ጻፍኩ፣
መብራት ሲጠፋ እንዳይሞት አንድ ባትሪ ከሥሩ፤
የሞባይል ሲም ደግሞ፣ ለክፉ ቀን፣ በዳሩ።
ሂሳቤን ተቀበልኩ።

በአራተኛው ቀን ደወለች፤ መስመሩ ጠርቷል፣ ቁጣዋም ጠርቷል፤
«ሥራህ ግሩም ነው፤ ዋጋዬን ግን ከሥር በልቷል!
ድሮ ምስሌ ሲቆም ዝም ያልኩት ይመስለው ነበር፤
ዝምታዬን ይፈራና ራሱ ይጨምር ነበር።
አሁን ምራቄን ስውጥ፣ ዓይኔ ሲርገበገብ ያየኛል፤
‹ቸኩለሻል› ብሎ እየሳቀ ሁለት ብር ይቀንስብኛል።»

ሄድኩ። «ላበላሸው?» አልኳት፤ ለዚህስ ማን ይከፍላል?
«ተው፣ ይቆይ» አለች። ስምንት ሰዓት። ሰውዬው ብቅ ይላል፤
ከንፈሩና ድምፁ ባንድ ላይ፤ የሸሚዙ ቁልፍ ሳይቀር ይቆጠራል።
«ስንት ትያለሽ?»
«አርባ ሁለት» አለችና

ቆመች።
አፏ እንደተከፈተ፣ አንድ ጣቷ በአየር ላይ፤
ሳትተነፍስ፣ ዓይኗን ሳታርገበግብ፣ እኔን እንኳ ሳታይ።
አረንጓዴዋ መብራት ራውተሩ ላይ ያለ እንከን ትበራለች፤
የሻሿ ጫፍ ብቻ ከጣሪያው ማራገቢያ ጋር ትነሳለች፣ ትወድቃለች።
ይህችን ባያይ ብዬ ተሳልኩ።

ሊበን ኳሱን ትቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣
ግድግዳ ግድግዳውን በእግር ጣቱ ተሳበና፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ተጠንቅቆ
ማራገቢያውን አጠፋው።

«ኢፍራህ?...
ኢፍራህ? ትሰሚኛለሽ?»