ጳጉሜን ፫

ፒያሳ፣ የጣሊያን ሕንፃ ሥር፣ ከደረጃው ጎን፣
ይርሳው ራዲዮ ጠጋኙ፣ መነጽሩ በክር የታሰረ፣
ደብተሩን ከፈተ።
ባሕር ማዶ ዳኛ የሚጠብቃት፣
በሰው ኪስ ሁሉ ያለ ኩባንያ የሚፈራት።

ነገሩ ትንሽ ነበር፤ መብራት ሲዋልል
ቺፑ እንዳይግል፣ እንዳይቃጠል፣
ለኮረንቲው አንዲት ማለፊያ ቀየሰ፣
በሰማያዊ ቢክ ሣላት፣ ቀኗን ጻፈ፣ ጨረሰ።

እኔ አስተርጓሚ ነኝ፣ በሰዓት የምከፈል።
ጠበቃው ከስክሪኑ ውስጥ፦
«ፓተንቱን የጠየቅነው ሴፕቴምበር አሥር ነው፤
ጳጉሜን ምንድን ነው?»
«አሥራ ሦስተኛው ወር» አልኩ።
«ደመወዝ የሌላት» አለ ይርሳው፤ ይህንንም ተረጎምኩ።
«ዓመቱስ? ዘጠና ስድስት?
ያኔ ቺፑም አልነበረ!»
«ስምንት ይጨምሩ» አልኩት።
ጨመረ፣ ጣቱን ቆጠረ፣
ወረቀቱን አገላበጠ፣
ዓይኑን ከቁጥሯ ላይ ተከለ።
«ባለሙያችን ፭ ናት ይላል፤ ቀለሟ ፈሷል።»

ሦስት ከሆነች ቀደመ፣
አምስት ከሆነች ቀረ፤
የስንት ቢሊዮን ክርክር
በአንዲት ጠብታ ታሰረ።

ይርሳው ጉሮሮውን ጠረገ፦
«የሩፋኤል ለት ነው። ሰማዩ ተከፈተ።
የሰፈሩ ልጅ ራቁቱን ዝናብ ሊጠመቅ ወጣ፤
እኔም ደብተሬን ይዤ ወጣሁ፣
እሷም ትባረክ ብዬ።»

መልአኩን በምን ቃል ልበል?
የተከፈተውን ሰማይ፣ ጠበል የሆነውን ዝናብ?
ጠበቃው ሰዓቱን አየ።
«ዘነበ» አልኩት።
እሱም ጻፈ።

ይርሳው ገጿን በእጅጌው ዳበሰ፣
ዛሬም ያልደረቀች ይመስል።